የቼዝ እንቆቅልሽ መልስ የሚገኝ ነው ወይስ የሚፈጠር?

የቼዝ እንቆቅልሽ በ64ቱ ቤቶች ላይ የተደረደሩ ጥቂት ጠጠሮችና አንድ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ አጭር ነው፦ «ነጭ ይጀምራል፤ በሦስት እርምጃ ቼክሜት ያደርጋል»፣ «ነጭ ይጀምራል፤ ያሸንፋል»፣ ወይም «ነጭ ይጀምራል፤ አቻ ይወጣል»። ፈቺው ትእዛዙን የሚያስፈጽም መንገድ ይፈልጋል። መንገዱ ተጋጣሚው የቱንም ያህል ቢከላከል የማይሰናከል መሆን አለበት። በተራ ጨዋታ የተጋጣሚ ስህተት ብዙ ጊዜ ያድናል፤ በእንቆቅልሽ ግን ተጋጣሚው ፈጽሞ እንደማይሳሳት ተደርጎ ይወሰዳል። አዘጋጆች አጥብቀው የሚይዙት ሌላም ሕግ አለ፤ መልሱ አንድ ብቻ መሆን ይኖርበታል። አዘጋጁ ያላሰበው ሁለተኛ መልስ ከተገኘ እንቆቅልሹ እንደተበላሸ ይቆጠራል።

ይህ የመጨረሻው ሕግ ትልቅ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። አዘጋጁ ያላሰበው መልስ ሊገኝ የሚችል ከሆነ፣ መልሱ ከአዘጋጁ አሳብ የወጣ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ከየት መጣ? ማንም ሳያየው በፊት ነበረ ወይስ አልነበረም? ፈላስፎች ስለ ቁጥርና ስለ እውነት ሲከራከሩ የኖሩት በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። በቼዝ ሰሌዳ ላይ ሲቀርብ ግን ክርክሩ እርምጃ በእርምጃ ሊፈተሽ ይችላል፤ የእንቆቅልሹ ዋጋም አንዱ ይህ ነው።

የጥያቄውን ክብደት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ምሳሌ ከባግዳድ የመጣ ነው። በ10ኛው መቶ ዘመን በአባሲድ ኸሊፋዎች ቤተ መንግሥት አቡ በክር አስ-ሱሊ የሚባል ሊቅ ነበር። የቼዝ አባት በሆነው በሻትራንጅ በኸሊፋው በአል-ሙክታፊ ፊት የቤተ መንግሥቱን ዝነኛ ተጫዋች አሸንፎ ስሙ ገነነ፤ ስለ ጨዋታውም መጻሕፍት ጻፈ። ከተዋቸው እንቆቅልሾች አንዱ በኋላ ዘመን «የአስ-ሱሊ አልማዝ» ተብሎ ተጠርቷል። በሰሌዳው ላይ ያሉት አራት ጠጠሮች ብቻ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥና አንድ ፈርዝ። ፈርዝ የዛሬዋ ንግሥት በቆመችበት ስፍራ የነበረ ጠጠር ሲሆን በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ ነው። በዚያ ዘመን ሕግ የተጋጣሚን ንጉሥ ብቻውን ያስቀረ ወገን ያሸንፋል። ስለዚህ ነጭ የጥቁርን ፈርዝ መያዝና የራሱን ማዳን ይጠበቅበታል። አስ-ሱሊ እንቆቅልሹ እጅግ ከባድ እንደሆነ፣ እርሱ ካላስተማረው በቀር የሚፈታው ሰው እንደማያውቅ ገልጿል፤ መፍትሔውን ግን በጽሑፍ አላስቀመጠም። እንቆቅልሹ ከሺህ ዓመት በላይ ሳይፈታ ቆየ። የፈታው የሶቭየት ኅብረቱ ግራንድማስተርና የጨዋታ ፍጻሜ ተመራማሪ ዩሪ አቬርባክ ነው፤ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው።

አስ-ሱሊ በ946 አካባቢ ከሞተ በኋላ፣ የተማሩትም ካለፉ በኋላ፣ አቬርባክ እስኪነሣ ድረስ መልሱን የሚያውቅ ሰው የነበረ አይመስልም። መልስ ማለት በሰው አእምሮ ውስጥ ያለ አሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በእነዚያ መቶ ዘመናት መልሱ ጠፍቶ ነበር፤ አቬርባክም ያገኘው ሌላ አዲስ መልስ ነው ማለት በሆነ። ይህ አያስኬድም። አቬርባክ የደረሰበት መንገድ ትክክል የሆነው እርሱ ስለደረሰበት አይደለም። ጥቁር ወደየትም ቢሄድ መንገዱ ያሸንፋል፤ ይህም በ1200 እውነት ነበር፣ በ1700ም እውነት ነበር። በእነዚያ ዓመታት አንድ ሰው ጠጠሮቹን ደርድሮ በዚያ መንገድ ቢጫወት ኖሮ ያሸንፍ ነበር።

ይህን አቋም በሒሳብ ማስረጃ ያጸናው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ኤርንስት ዜርሜሎ ነው። በ1913 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ለማንኛውም የቼዝ አቀማመጥ ከሦስቱ አንዱ የግድ እውነት መሆኑን አሳየ፦ ወይ ነጭ ማሸነፍን ማስገደድ ይችላል፤ ወይ ጥቁር ማስገደድ ይችላል፤ ወይም ሁለቱም ቢያንስ አቻ የመውጣት ዋስትና አላቸው። ማስረጃው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ አይናገርም፤ ፈላጊም አይጠይቅም። አንድ አቀማመጥ ሰው አይቶት የማያውቅ ቢሆንም ፍርዱ አስቀድሞ የተቆረጠ ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የቼዝን ሕግ ያወጣው ሰው ነው። ፈርዝ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የምታቋርጥ ንግሥት የሆነችው በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በደቡብ አውሮፓ ነው፤ ያን የወሰነው ተፈጥሮ ሳይሆን የተጫዋቾች ልማድ ነው። ሕጉ ከሰው ከመጣ ከሕጉ የሚወጣው እውነትም ከሰው ነው፤ ሰው ባይኖር ቼዝ ባልኖረ፣ ቼዝ ባይኖር የአስ-ሱሊ አልማዝ ባልኖረ ይላል ተቃዋሚው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ልክ ነው። ስህተቱ ያለው ከዚያ በሚወሰደው ድምዳሜ ላይ ነው። ሰው የመረጠው ሕጉን ነው፤ ሕጉ የሚያስከትለውን ግን አልመረጠም። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ይራመድ ብሎ መወሰን ይቻላል። ያን ከወሰኑ በኋላ በዚያ አቀማመጥ ነጭ አያሸንፍ ብሎ መወሰን ግን አይቻልም። የሕጉ መለወጥም የድሮውን እውነት አልሻረውም፤ አቬርባክ እንቆቅልሹን የፈታው በአስ-ሱሊ ዘመን ሕግ መሠረት ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጂ. ኤች. ሃርዲ በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ የቼዝ እንቆቅልሽ ቁም ነገሩ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ሒሳብ ነው ሲል የመደበው በዚህ ጠባዩ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ሊያስደንቅ ይገባል፤ ሰው ራሱ በሠራው ነገር ውስጥ እርሱ ያላስቀመጠው ነገር ይገኛል።

ያላስቀመጠው ነገር መገኘቱን በቅርብ የሚያሳይ ታሪክ ከስኮትላንድ ከተማ ከግላስጎው አለ። በ1895 ዦርዥ ባርቢየር የተባለ የቼዝ አምድ አዘጋጅ አንድ አቀማመጥ በጋዜጣ አወጣ። ነጭ ንጉሥ በቢ6፣ ነጭ ወታደር በሲ7 ናቸው፤ ወታደሩ አንድ እርምጃ ከተራመደ ንግሥት ይሆናል። ጥቁር ንጉሥ በኤ1 ጥግ ላይ ነው፤ ጥቁር ሩክ በዲ5። ተራው የጥቁር ነው፤ ትእዛዙም አቻ ይውጣ የሚል ነው። ባርቢየር ያዘጋጀው መልስ ብልህ ነበር። ሩኩ በዲ6 ቼክ ይላል፣ ንጉሡ ወደ ቢ5 ይወርዳል፤ ሩኩ በዲ5 ቼክ ይላል፣ ንጉሡ ወደ ቢ4፤ እንዲሁ እየተባባሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ንጉሡ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ሲ5 ቢሄድ ሩኩ ወደ ዲ1 ወርዶ ከኋላ በሲ1 ቼክ በማለት ወታደሩን ይይዘዋል። በመጨረሻ ንጉሡ ሲ2 ላይ ሲደርስ ቼኩ ያበቃል፤ ሩኩ ግን በጸጥታ ወደ ዲ4 ይሄዳል። አሁን ወታደሩ ንግሥት ቢሆን ሩኩ በሲ4 ቼክ እያለ ራሱን ይሠዋል። ንግሥቲቱ ስትበላው ጥቁር ንጉሥ ቼክ ሳይባል መንቀሳቀሻ ያጣል፤ በሕጉም ጨዋታው አቻ ነው።

ያን ጊዜ ፈርናንዶ ሳቬድራ የሚባል ስፔናዊ ካህን በግላስጎው ይኖር ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በቼዝ ስም ያተረፈበት ሌላ ሥራ የለውም። አቻ ነው ተብሎ የታተመውን መልስ ተመለከተና ነጭ እንደሚያሸንፍ አየ። ወታደሩ ሲ8 ሲደርስ ንግሥት መሆኑን ትቶ ሩክ ይሁን። ሩክ ከንግሥት ያነሰ ነው፤ በሰያፍ አይሄድም። ድሉ ያለውም በዚሁ ጉድለት ውስጥ ነው። ጥቁር ያንኑ መሥዋዕት ቢያቀርብ ሲ4 ላይ የቆመው ነጭ ሩክ ኤ2ን አይጠብቅም፤ ጥቁር ንጉሥ መሄጃ አለው፣ አቻውም ይፈርሳል። በሌላ በኩል ነጭ በኤ8 ቼክሜት እንደሚያደርግ ያስፈራራል። ጥቁር ይህን ለመከላከል ያለው እርምጃ ሩኩን ወደ ኤ4 መውሰድ ብቻ ነው። ነጭ ንጉሥ ወደ ቢ3 ይራመዳል፤ በአንድ እርምጃ ሩኩን ለመብላት ይዘጋጃል፣ በሲ1 ቼክሜትንም ያስፈራራል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መመከት አይቻልም።

ዛሬ ይህ አቀማመጥ በሳቬድራ ስም ይጠራል፤ ይህም ተገቢ ነው። መልሱ በባርቢየር አሳብ ውስጥ አልነበረም፤ እንዲያውም ባርቢየር ተቃራኒውን ነበር ያሳተመው። የጋዜጣው አንባቢዎች የቱንም ያህል ቢስማሙ ስምምነታቸው አቻ ሊያደርገው አይችልም ነበር። እውነት የሰዎች ስምምነት ነው የሚለው ትምህርት እዚህ ላይ መቆሚያ ያጣል፤ አንድ ሰው ብቻውን ከሁሉም ተለይቶ ትክክል ሊሆን ችሏልና።

መልሱ የሚገኝ ከሆነ አዘጋጁ የሚፈጥረው ምንድን ነው? ጥያቄውን ይፈጥራል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ሊደረደሩ ከሚችሉት አቀማመጦች አብዛኞቹ የማይረባ መልስ ያላቸው ናቸው። አዘጋጁ ከእነዚያ መካከል ሊታይ የሚገባውን ይመርጣል። አሜሪካዊው ሳም ሎይድ «ኤክሴልሲዮር» በሚባለው በ1861 በታተመ እንቆቅልሹ ቼክሜቱን የሚሰጠው ጠጠር ከሁሉ ይልቅ የማይጠረጠረው፣ በመነሻ ቤቱ በቢ2 የቆመው ወታደር እንዲሆን አድርጓል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥም ይህን የመሰለ ምርጫ ነበር። ጨዋታው ከሻትራንጅ የመጣ ሲሆን ወረራ በሚባለው የመክፈቻ ምዕራፍ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። በፍጻሜው ግን እንዴት እንዳሸነፉ ይመዘን ነበር፤ በብርቱ ጠጠር የተሰጠ ማት ክብሩ ዝቅ ያለ ሲሆን በደካማ ጠጠር የተሰጠው ይወደስ ነበር። ሁለቱም ማት ናቸው፤ በእውነትነት አይበላለጡም። ማበላለጡ የመጣው ከተጫዋቾቹ ፍርድ ነው፤ ይህን ፍርድ ደግሞ ሕጉ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ የመልሱ እውነትነት የሚገኝ ነው፤ ሊፈለግ የሚገባው መሆኑ ግን የሰው ውሳኔ ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጠላለፈው እነዚህ ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ ነው።

የፈቺው ነገር ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። እንቆቅልሽ የሚፈታ ሰው መልስ እንዳለ ያውቃል፤ ይህን የነገረው ትእዛዙ ነው። ተራ ጨዋታ የሚጫወት ሰው እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለውም። ያው አቀማመጥ በጨዋታ መካከል ቢገጥመው ሳያስተውል ሊያልፈው ይችላል፤ «ነጭ ያሸንፋል» ተብሎ ሲሰጠው ግን ለሰዓታት ይታገለዋል፣ መጥፎ የሚመስለውንም እርምጃ ደጋግሞ ይፈትሻል። ከሠላሳ ሙከራ በኋላ ሁሉም መንገድ የተዘጋ በሚመስልበት ጊዜ የሚያስቀጥለው ያየው ነገር አይደለም፤ አዘጋጁን ማመኑ ነው። ይህ እምነት ከማሰብ ጋር አይጣላም፤ ማሰብን ያስረዝማል። ሃይማኖተኛ አሳቢዎች ማስተዋል እምነትን ተከትሎ ይመጣል ሲሉ የኖሩት ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው። ልዩነቱ ግን መሸሸግ የለበትም፤ የቼዝ ፈቺ በመጨረሻ መልሱን በዓይኑ ያያል፣ ከዚያ በኋላ አዘጋጁን ማመን አያስፈልገውም። ሳቬድራም ከተራው ፈቺ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እርሱ የታገለው ድል የለም በተባለበት ቦታ ነበር።

ማግኘቱ ራሱ እንዴት እንደሚሆን የመረመረው የኔዘርላንድ የሥነ ልቦና ሊቅ አድሪያን ደ ግሮት ነው። በ1946 ባቀረበው ጥናት ታላላቅ ተጫዋቾችንና መካከለኞችን እያሰቡ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገ። ታላላቆቹ እጅግ ብዙ እርምጃ ወደ ፊት የሚቆጥሩ ሆነው አልተገኙም፤ ቁም ነገር ያለበትን እርምጃ ከመጀመሪያው ያዩ ነበር። ከባድ እንቆቅልሽ የሚከብደው ይህን የሠለጠነ ዓይን ስለሚያስት ነው። ወታደር መጨረሻ ሲደርስ ንግሥት ይሆናል የሚለው ልማድ በሺህ ጨዋታ ትክክል ነው፤ በሳቬድራ አቀማመጥ ግን ያሳውራል። ፈቺው እዚህ ላይ የሚታገለው ከአዘጋጁ ይልቅ ከራሱ ልማድ ጋር ነው።

በ10ኛው መቶ ዘመን የኖረው ታሪክ ጸሐፊ አል-መስዑዲ በዘመኑ የነበረ አንድ ንጽጽር ዘግቧል፤ ቼዝ የነፃ ፈቃድ አማኞች ጨዋታ ነው፣ በዳይስ የሚጫወቱት ነርድ ደግሞ ሁሉ አስቀድሞ ተወስኗል የሚሉት። እንቆቅልሽ ይህን ንጽጽር ያወሳስበዋል። በሳቬድራ አቀማመጥ ነጭ በሕጉ የተፈቀዱ ብዙ እርምጃዎች አሉት፤ የሚያሸንፈው ግን አንድ ነው። ተጫዋቹ ነፃ ነው፤ መልሱ ግን አስቀድሞ ተወስኗል። ሁለቱ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሳይጣሉ ይኖራሉ፤ ምክንያቱም የተወሰነው የትኛው እርምጃ እንደሚያሸንፍ ነው እንጂ የትኛው እንደሚመረጥ አይደለም።

መልስ ማግኘትና መልስን መረዳት ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቼዝ ሊቁ ሪቻርድ ሬቲ በ1921 ያወጣው አቀማመጥ መረዳት ምን እንደሆነ ያሳያል። ነጭ ንጉሥ በኤች8 ነው፣ ወታደሩም በሲ6፤ ጥቁር ንጉሥ በኤ6፣ ወታደሩ በኤች5። ነጭ ይጀምራል፤ አቻ መውጣት አለበት። የጥቁር ወታደር ሁለት እርምጃ ቀድሟል፣ አይደረስበትም። የነጭ ወታደር ደግሞ በጥቁር ንጉሥ አጠገብ ነው፤ ነጭ ንጉሥ ሊያድነው ሩቅ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ለየብቻቸው ተስፋ የላቸውም። ንጉሡ ግን በጂ7፣ በኤፍ6፣ በኢ5 በሰያፍ ሲወርድ ወደ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀርባል። ጥቁር ወታደሩን ለመብላት አንድ እርምጃ ቢያጠፋ ነጭ ንጉሥ በኤፍ4 አልፎ የሸሸውን ወታደር ይደርስበታል፤ ባያጠፋ በዲ6 የራሱን ወታደር ይታደጋል። ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ በቼዝ ሰሌዳ ላይ ለንጉሥ የሰያፍ መንገድ ከቀጥታው አይረዝምም። ይህን የተረዳ ሰው እርምጃዎቹን ቢረሳ እንኳ ተመልሶ ያገኛቸዋል።

ኮምፒውተር የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ይህ ጠባይ የለውም። በ1983 የኮምፒውተር ሊቁ ኬን ቶምፕሰን ሁለት ቢሾፕ በአንድ ፈረስ ላይ ያላቸውን ፍጻሜ በሙሉ አስቆጠረ። የቼዝ ጸሐፊዎቹ ክሊንግና ሆርዊትዝ በ1851 ካሳተሙት መጽሐፍ ጀምሮ ፈረሱ የተወሰነ ቦታ ከያዘ አቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ቆጠራው ግን ሁለቱ ቢሾፖች በአብዛኛው እንደሚያሸንፉ፣ ይህም እስከ 66 እርምጃ ሊፈጅ እንደሚችል አሳየ። በ2012 በሞስኮ የሎሞኖሶቭ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር እስከ ሰባት ጠጠር ያሉት አቀማመጦች ተቆጥረው ሲያልቁ፣ ከ500 እርምጃ በላይ የሚፈልግ ቼክሜት ተገኘ። ግራንድማስተሮች እነዚያን እርምጃዎች ሲያዩ አብዛኞቹ ለምን እንደተመረጡ መናገር አይችሉም። መልሱ ትክክል ነው፤ «ለምን?» ለሚለው ግን ከቆጠራው በቀር የሚሰጥ ምክንያት የለም። ለዜርሜሎ አቋም ከዚህ የበለጠ ድጋፍ አይገኝም፤ እውነቱ ከሰው መረዳት ውጭ መቆም እንደሚችል በተግባር ታይቷል።

የፊዚክስና የሒሳብ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝ በ2017 ያቀረበው አቀማመጥ ተቃራኒውን ጎን ያሳያል። ጥቁር ንግሥት፣ ሩኮችና ሦስት ቢሾፖች አሉት፤ ነጭ ንጉሡና ጥቂት ወታደሮች ብቻ ናቸው ያሉት። በጊዜው የነበረ የቼዝ ፕሮግራም ጥቁር በሰፊው እንደሚያሸንፍ ይገምት ነበር። ቼዝ የሚያውቅ ሰው ግን የጥቁር ብርቱ ጠጠሮች በወታደሮች ተከበው እንደታሰሩ፣ ሦስቱም ቢሾፖች በጥቁር ቤቶች ላይ ብቻ እንደሚሄዱ ያያል። ነጭ ንጉሥ በነጭ ቤቶች ላይ ከተመላለሰ የሚነካው የለም፤ ጨዋታው አቻ ነው። ፔንሮዝ ከዚህ ተነሥቶ የሰው መረዳት ስሌት አይደለም የሚለውን የቆየ አቋሙን ደገፈ። ድምዳሜው ከማስረጃው ይበልጣል፤ እንዲህ ያለውን ምሽግ የሚለይ ፕሮግራም ማዘጋጀት የሚከለክል ነገር የለምና። አቀማመጡ በርግጥ የሚያሳየው ሌላ ነው። ሰውየው ያየው ምክንያት ነው፤ ፕሮግራሙ ያየው ብዛት ነበር። ምክንያት ያየ ሰው መልሱን በጥቂት ቃል ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችላል፤ ያ ሰውም በገዛ አእምሮው ያጸናዋል።

ይህ ሁሉ የተባለው ጥቂት ጠጠር ስላላቸው ወይም ስለተዘጉ አቀማመጦች ነው። የቼዝ መነሻ አቀማመጥ ከ32 ጠጠሮቹ ጋር በዜርሜሎ ማስረጃ ሥር የሚወድቅ አንድ እንቆቅልሽ ነው፤ ነጭ ይጀምራል፣ ከዚያስ? በ64 ቤት ሰሌዳ ለሚጫወቱት አንድ የዳማ ዓይነት መልሱ ታውቋል። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የጆናታን ሼፈር ቡድን ሁለቱም ወገኖች ካልተሳሳቱ ጨዋታው አቻ እንደሆነ በ2007 አረጋግጧል። ለቼዝ ግን የሒሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነን በ1950 የጨዋታዎቹን ብዛት ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮ ባለው ቁጥር ስለገመተ፣ በተመሳሳይ ቆጠራ መድረስ የሚታሰብ አይደለም። አብዛኞቹ ተጫዋቾች መልሱ አቻ እንደሆነ ይገምታሉ፤ ግምቱ ከልምድ የመጣ እንጂ ማስረጃ የለውም።